ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ

ከአንድ ሰው በቀር ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየጾሙ ከፊታቸው እንበረከካለሁ፤ መሳደቤን፣ መጠጣቴን፣ ጾም መግደፌን አንድ በአንድ እናዘዛለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን መስቀላቸውን ስሜ እወጣለሁ። አሁን ለማያውቀኝ ሰው የምጽፈው መልኬን ስለማያይ ነው። ይህም ራሱ ፍርሃት ነው፣ አውቃለሁ።

ስሜ ይመር ነው። ወልድያ ተወልጄ ወልድያ ያደግሁ አናጢ ነኝ። አልጋና ቁም ሳጥን እየሠራሁ መርሳና ሐራ ገበያ አወርዳለሁ። ጦርነቱ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አሮጌ ፒካፕ ገዛሁ። ሰው ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቆማ፣ ጋቢናዋን ዶሮ ሲያድርበት የኖረች ነበረች። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሦስት መቶ ሺህን አልፎ ከቆመ ቆይቷል። ወለሏ ዝጎ እግር ስር አስፋልቱ ይታያል። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን መፍቻ ገዝቼ ከሥሯ ገባሁ። የወለሉን ቀዳዳ በላሜራ ደፈንኩ፣ ራዲያተሩን አጠብኩ፣ የማላውቀውን ፈትቼ አይቼ መልሼ ገጠምኩ። በስድስተኛው ወር ተነሳች። ከዚያ ወዲያ ጋራዥ የሚባል በር አላስረገጥኳትም። የሰው እጅ አልነካትም እያልኩ እኮራ ነበር። በዚያ ኩራት እስከ ዛሬ ስቆጭበት እኖራለሁ።

ሥራ ስሠራ ሁልጊዜ ዱካ ይዘው አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ጎረቤት ነበሩኝ፤ ጋሽ ኪሮስ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ትውልዳቸው ከትግራይ ሆኖ እኔ ሳልወለድ ወልድያ የገቡ፣ ሚስታቸውን እዚሁ የቀበሩ ሰው ናቸው። መፍቻ አይነኩም፤ ያያሉ፣ አንዳንዴ ይናገራሉ። አንድ ቀን ፍሬኑን ስነካካ አይተው፣ የፍሬን ዘይት ካጣህ መኪናዋን አቁማት እንጂ ሌላ ዘይት እንዳትጨምርባት፣ ጎሚኒው ያብጥና ይከዳሃል አሉኝ። ጎሚኒ የሚሉት ዘይቱን ይዞ የሚገፋውን ላስቲክ ነው። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰምቻቸዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

በመጀመሪያው ዙር ከተማዋ ስትያዝ እኛ አልወጣንም። ታጣቂዎች ፒካፗን ሊወስዱ ግቢያችን ሲመጡ ጋሽ ኪሮስ በራፌ ላይ ቆመው በትግርኛ ለመኑልኝ። ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ትተዋት ሄዱ። በኋላ ከተማዋ ስትለቀቅ ግን ያን ዕለት ሲነጋገሩ ያዩ ሰዎች ሌላ ትርጉም ሰጡት። ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት ተባለ። እኔ ለእኔ ሲሉ ነው ብያለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ። እንደዚያ መናገር መናገር ነው?

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በከተማው ዕቃ ጠፋ። የፒካፗ ፍሬን ዘይቱን ማፍሰስ ጀመረ። ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ፤ የፍሬን ዘይት የለም። ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ለመርሳ የታዘዘ ቁም ሳጥን ነበረኝ፣ ከዚያም በላይ ቆማ እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም። ጣሳ ውስጥ የተረፈ የሞተር ዘይት ነበረኝ፤ ጨመርኩበት። ፔዳሉን ረገጥኩት፤ እንዲያውም ከድሮው ጠንከር አለ። ሳቅሁ። ጋሽ ኪሮስ ያን ቀን አልነበሩም፣ ደሴ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበር። ከዚያ በፊት እሳቸው አጠገቤ ሳይኖሩ ፍሬን ነክቼ አላውቅም። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ጥቂት ሳምንት ሠራ። ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልስ ጀመር። አንዴ ስረግጠው አይዝም፣ ሁለት ሦስቴ ስረግጠው ይይዛል። የእጅ ፍሬኑም ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ እሠራዋለሁ እያልኩ ሳልሠራው ቀርቻለሁ። ሁሉንም አውቅ ነበር። እያወቅሁ እነዳት ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው ዙር መጣ። ከቆቦ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ጠዋት ላይ ወልድያ ጓዟን ተሸክማ ወደ ደቡብ መውጣት ጀመረች። ሚስቴ ብርቄ እናቷን ይዛ አለቀሰች። አማቴ እማማ ተዋበች ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ በእግር የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። ፍራሽ ዘርግተን ከፒካፗ ኋላ አስተኛናቸው፣ ብርቄ አጠገባቸው ሆነች፣ ጎረቤቶች ከነልጆቻቸው ተጫኑ። ሁሉም መሪውን እስክይዝ ይጠብቀኛል።

ከወልድያ ወደ መርሳ ያለውን ቁልቁለት አሰብኩት። ያን ሁሉ ሰው ጭኜ በዚያ ፔዳል ልወርደው ፈራሁ። ፈርቼ ምን አደረግሁ? ፍሬኗ አይሠራም፣ ውረዱ አልኩ? አላልኩም። ወደ ጋሽ ኪሮስ ሄጄ፣ እርስዎ ብዙ መንገድ ያዩ ሰው ነዎት፣ ይንዱልን አልኳቸው። እሳቸውም ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ቦርሳቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ደስ ብሏቸው ወጡ። እኔ አጠገባቸው ጋቢና ገባሁ።

ሞተሩን ሳያስነሱ ፔዳሉን ረገጡት። ደግመው ረገጡት። ዘወር ብለው አዩኝ።

«ይመር፣ ይህ ፍሬን ለስልሷል። ምን አድርገኸዋል?»

«ዘይቱን ሞልቼዋለሁ ጋሽ ኪሮስ። ትንሽ አየር ገብቶበት ይሆናል።»

«የፍሬን ዘይት?»

«አዎ።»

ያቺ አዎ ናት። እሷን ብቻ ባልላት ኖሮ ሌላው ሁሉ አይመጣም ነበር። ኋላችን አማቴ ነበሩ፣ ሚስቴ ነበረች፣ የጎረቤት ልጆች ነበሩ። እኔ ያሳሰበኝ ግን የእኔ ሥራ መነቀፉ ነበር። በእሳቸው ፊት አላዋቂ ሆኜ መታየቱን ነበር የፈራሁት። ሰው ለዚህ ብሎ ይዋሻል? እኔ ዋሸሁ።

ቀስ ብለው ነዱ። መንገዱ በሰው፣ በአህያ፣ በፍየል ተሞልቶ ነበር። ወደ ስሪንቃ በሚያወርደው ቁልቁለት መሃል ላይ እግራቸው ወለል ድረስ ሲወርድ አየሁ። ደጋግመው ረገጡ፤ ምንም የለም። ማርሽ ቀነሱ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ፍጥነቱ ግን አልተገታም። የእጅ ፍሬኑን ሳቡት፤ ባዶውን ተከትሏቸው መጣ። ከፊታችን ልጅ ያዘለች ሴት ፍየሎች እየነዳች መንገዱን ሞልታለች። ጋሽ ኪሮስ መሪውን ወደ ተራራው ወገን አዙረው ፒካፗን ከአፈሩ ጋር አላተሟት። ቦዩ ውስጥ ገብታ በጎኗ ተኛች። ሴትየዋና ልጇ ተረፉ። ከኋላ የነበሩት ብዙዎቹ እጅና እግራቸው ተሰብሮ፣ ተላልጠው ተረፉ። እማማ ተዋበች ላይ ግን ስፖንዳው፣ የጭነቱ የጎን ብረት፣ ወድቆባቸው ነበር። ስናወጣቸው ትንፋሽ ነበራቸው። መርሳ ሳንደርስ ብርቄ ጭን ላይ አረፉ።

ይህ ሳያልቅ ነው ሁለተኛውን በደል የሠራሁት። ሬሳው ገና ጭኗ ላይ እያለ ኬላ የሚጠብቁ መሣሪያ የያዙ ወጣቶች መጡ። ማን ነው የሚነዳው አሉ። ጋሽ ኪሮስ ግንባራቸው እየደማ እኔ ነኝ አሉ። ስማቸውን ጠየቁ፣ ተናገሩ። ስማቸው በቂ ነበር። ከተሰደደው ሰው መሃል አንዱ እኔ አውቀዋለሁ፣ ባለፈው ከእነሱ ጋር ያወራ ነበር አለ። ሌላው ሆን ብሎ ነው አለ። ጋሽ ኪሮስ ወደ እኔ አመለከቱ። ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ነው፣ ባለቤቱን ጠይቁት አሉ።

አንዱ ወጣት ወደ እኔ ዞረ። በትሕትና ነበር የጠየቀኝ፤ ሐዘንተኛ ነኝና።

«ወንድም፣ ፍሬኑ ብልሽት ነበረበት?»

ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ጋሽ ኪሮስም አዩኝ።

«አልነበረበትም» አልኩ። «ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ይዘዋቸው ሄዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሲያስሯቸው አልጮሁም፣ አልተከራከሩም። እኔ አማቴን ተሸክሜ መርሳ ወርጄ ቀበርኩ፣ ሰው እያቀፈ አጽናናኝ።

ሦስተኛም አለ። ወደ ወልድያ ስንመለስ ፒካፗን አስጎትቼ ግቢ አስገባኋት። ብቻዬን ሆኜ የፍሬኑን ክፍል ፈታሁት። ጎሚኒው አብጦ፣ ለስልሶ፣ ጣቴ ላይ እንደ ላቆጠ ሊጥ ሆነ። ልክ እንዳሉኝ። ያን ይዤ ወደ ጣቢያ መሄድ እችል ነበር፤ ሰውየው ገና እስር ላይ ናቸው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ፒካፗንም ለብረት ለቃሚ ሰጠኋት። ሰው አማቱን የገደለችበትን መኪና ማየት ቢያቅተው ምን ይገርማል አሉ፤ አዘኑልኝ።

ጋሽ ኪሮስ የተፈቱት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ቆዳና አጥንት ሆነው፣ እያሳሉ መጡ። ልጃቸው ደሴ እንዲቀሩ ለመነቻቸው፤ ቤቴ ወልድያ ነው ብለው ተመለሱ። ብርቄ እሳቸውን ስታይ መንገድ ትሻገራለች። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ የእናቴ ደም ይፋረድዎት አለቻቸው፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። እኔን ሲያገኙኝ ግን እንደ ድሮው እንደምን ዋልክ ይሉኛል። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተቀምጬ አልቀመጥም፣ ተኝቼ አልተኛም፤ እንጨት ስልግ ልኬቱ ይጠፋኛል፣ የጀመርኩትን ትቼ ወጥቼ እዞራለሁ።

ከአንድ ወር በፊት አልቻልኩም፤ ቤታቸው ገባሁ። ግቢያቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሞተር ዘይቱን፣ ጎሚኒውን፣ ጉድጓዱን። ሰሙኝና አውቃለሁ አሉ፤ ቁልቁለቱ ላይ ስረግጠው ነው የገባኝ። ታዲያ ለምን አልተናገሩም ብላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ማን ይሰማኝ ነበር? የሚሰሙት አንተን ነበር።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ።

«እኔ ዘንድ አትውደቅ ይመር። ያቺ ልጅ እናቷን እኔ እንደገደልኩ ይዛ ነው የምትኖረው። ሂድ፣ ንገራት። የእኔ ይቅርታ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ። ወር ሆነው። በእያንዳንዱ ቀን ለዝምታዬ ምክንያት አገኝለታለሁ፤ አንድ ቀን ራሷን አሟታል፣ አንድ ቀን እንግዳ አለ፣ አንድ ቀን የእናቷ ተዝካር ነው። ያን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አሰርኳቸው፤ አሁን ኬላም ጠባቂም የለም፣ ያሰርኳቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ጦርነቱ ነው አልልም። ጦርነቱ ዘይት አሳጣኝ እንጂ አዎ በል አላለኝም። ደንግጬ ነው አልልም፤ ጎሚኒውን ስጥል አልደነገጥኩም። እማማ ተዋበችን የገደልኩ እኔ ነኝ። ጋሽ ኪሮስን ያሳሰርኩ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ብዬ አንተን አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ስማኝ ብቻ፤ አንድ የማያውቀኝ ሰው ከሰማው በኋላ ወደ ዝምታዬ መመለስ ያቅተኛል ብዬ ነው።

ብርቄ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነው። አሁን ጠራኋት። ምን ፈለግህ እያለች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች እየመጣች ነው።