ከእኔ በፊት ያደረው ሰው

ቅዳሜ፣ ጥር ሃያ ስድስት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እናቴ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ ሰው ስላላገኘሁ አልጽፈውም። ለቀስተኛው ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲዞርለት፣ የንስሐ አባቷ የነበሩት ወጣት ቄስ አጠገቤ ተቀመጡና ከጋቢያቸው ስር አንድ ደብተር አወጡ። ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት ከመምሬ ፈንቴ የተረከቡት ነው። የቤተሰባችን የክርስትና ስም በሁለት ገጽ ተጽፎበታል፤ በግራው በሕይወት ያሉት፣ በቀኙ ያረፉት።

«የእናትዎን ወደ ቀኙ አዛውሬዋለሁ» አሉኝ። «ይኼኛው ግን አሳሰበኝ። የወንድምዎ ነው አሉኝ። በሕይወት ካሉት ጋር ነው ያለው። ላዛውረው ወይስ ይቆይ?»

የማውቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም።

እሱን ፍለጋ በወጣሁ ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አዲስ አበባ ለአንድ ጋዜጣ እሠራ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አስማረ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። የመጨረሻ ቃሉ የመጣው ከኬንያ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ዘመዶቻችን «ሞቷል፤ ተዝካሩ ይውጣ» ማለት ጀመሩ። እናቴ ሁለት ዓመት እምቢ ብላ ቆየች። በሦስተኛው ደከማት፤ ቀን ተቆረጠ፣ ለጠላው ብቅል የሚሆን ገብስም ተነከረ። እኔም ቀኑ ሳይደርስ ሞቶም ከሆነ ኖሮም ከሆነ አረጋግጬ ልምጣ ብዬ ፈቃድ ወጣሁ።

በአውቶቡስና በጭነት መኪና የኬንያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ማሊንዲ ደረስኩ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ብርድን እንጂ ሙቀትን አላውቅም። እዚያ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ሸሚዝ ሰውነት ላይ ይጣበቃል፣ ጨው የግድግዳውን ኖራ ይልጠዋል፣ ከዛፉ የወደቀ ማንጎ መንገድ ላይ ፈንድቶ ንብ ይወርረዋል። እንደ አገሬ የሆነልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰዓታቸው እንደ እኛ ከንጋት ይቆጠራል። «ሦስት ሰዓት» ሲሉኝ ሦስት ሰዓት ነው።

በባሕር ዳርቻ ርካሽ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ለውኃው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መናኸሪያው መሄድ አለበት። አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው ብርሃን ላይ ዘርግቶ ማየት፣ ንፋስ እንዲያገኝም ፎቅ መጠየቅ አለበት። ይህን ያስተማረኝ ጂሎ የሚባል የሞያሌ ሰው ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መኪናው ተበላሽታ መለዋወጫ እስኪመጣ ሥራ ፈትቶ ስለነበር አብሮኝ ይዞር ነበር። አማርኛውንም ስዋሂሊውንም አቀላጥፎ ይናገር ነበር።

የመጀመሪያው ቤት ስንገባ ባለቤቱ ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት እጄን ጨበጠኝ።

«እንኳን ደህና ተመለስክ ነው የሚልህ» አለ ጂሎ።

«መጥቼ አላውቅም በለው።»

ጂሎ ሳቀ። «ተወው ባክህ ጋዜጠኛው! ነጋዴ ያልተመለሰ ደንበኛ የለውም። ነገ እኔንም ልጄ ነህ ይለኛል።»

የእንግዳ መዝገቡን አስከፍቼ አየሁት። አስማረ የሚል የለም። ገብረ ሕይወት የሚል አንድ የአገሬ ሰው በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ አገኘሁና ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት፤ ምናልባት ወንድሜን ያውቀው ይሆናል ብዬ ነው። በሁለተኛውም ቤት እንደዚያው እንደተመለሰ ሰው ተቀበሉኝ። እዚያም አስማረ የለም፤ ገብረ ሕይወት ግን አለ። የአስማረን ፎቶ አውጥቼ ለቤቱ ባለቤት፣ ለሴትየዋ አሳየኋት። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

«አንተ ነህ ትላለች» አለኝ ጂሎ። በዚህኛው አልሳቀም።

ከአስማረ በሁለት ዓመት ነው የማንሰው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰው ያሳስተን ነበር። የሚለየን ቅንድቡ ላይ ያለው በሬ የወጋው ጠባሳ ብቻ ነው፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ባርኔጣ አድርጓል። እንግዲህ አንድ መልኬን የሚመስል ሰው በእነዚህ ቤቶች አልፏል፤ በስሙ ግን አላለፈም። ይህን ጻፍኩና ከስሩ አሰመርኩበት።

የሦስተኛው ቤት ባለቤት ቢ አሻ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። እሳቸው እንኳን ደህና መጣህ አላሉኝም። ቁልፍ ይዘው ቀድመውኝ ደረጃውን ወጡ፣ መስኮቷ ባሕሩን የምታይ ክፍል ከፈቱ፣ ከዚያም ምንም ሳልጠይቃቸው አልጋውን በሁለት እጃቸው ገፍተው ራስጌውን አዞሩት። ሻይ አስመጡልኝ፤ ወተት የለውም። እዚያ አገር ሻይ ያለ ወተት ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ረቡዕ ወተት አትጠጣም አይደል?» አሉኝ በጂሎ በኩል። «እኛ ወደ ሰሜን ስንሰግድ አንተ ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር የምትቆመው። አልጋውም ለዚያ ነው።»

ከዚያ ቀረብ ብለው ቅንድቤን አዩ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እጃቸውን መልሰው ከደረጃው ራስ ላይ ቆሙና ለጂሎ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

ጂሎ ፊቴን እያየ ተረጎመልኝ። «ይሄኛው የትኛው ነው? አሉ።»

ከእኔ በፊት ያደረው ሰው ሲሄድ ቃል ትቶላቸው ነበር። «የኔን ፊት የያዘ ሰው ይመጣል፤ ይህችን ክፍል ይስጡት» ብሎ። ወንድሜ ነው አላለም። ይጠብቀኝ አላለም፤ የት እንደሚሄድም አልተናገረም። መዝገቡ ላይ እዚህም ገብረ ሕይወት ተብሎ ተጽፏል፤ የወጣበትንም ቀን አየሁ። እኔ ፈቃድ የጠየቅሁት ከዚያ ቀን በኋላ አምስት ሳምንት ቆይቼ ነው፤ ከመጠየቄ በፊት ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሴም አላሰብኩትም ነበር። ልፈርም እስክሪብቶ ስጠይቅ ቢ አሻ መዝገቡን ዘጉት።

«ስሙ ተጽፏል አሉ» አለኝ ጂሎ።

በማግስቱ በቀጠሮ ወገዳ ስልክ ደወልኩ። እናቴና መምሬ ፈንቴ ስልክ ቤቱ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«መምሬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጮክ በል እንጂ! ባሕሩ ነው መሰለኝ ይንሿሿል።»

«የአስማረ የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ለፍትሐት ነው የምትጠይቀኝ?»

«ለማወቅ ነው።»

«ገብረ ሕይወት ነው። እኔው ነኝ ያጠመቅሁት፤ ውኃው በርዶት ሲጮህ ጆሮዬን አደነቆረኝ።»

ማስታወሻዬ ላይ ሦስት ጊዜ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። የክርስትና ስሙን ባለማወቄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ወንድሜ ልጠይቀው የፈለግሁት ሰው ራሱ ወንድሜ ነበር።

«ስሙን በሦስት መዝገብ አገኘሁት፤ ሰውየውን አላየሁትም» አልኳቸው።

«እኔ ሁለት ገጽ ነው ያለኝ፣ ሦስተኛ የለኝም። የቱ ላይ ላድርገው?»

«በፈረመበት ቀን ነበረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም።»

«ከዚያ ወዲህማ የአንተንስ ማን ያውቃል?» አሉ፤ እናቴ ግን ስልኩን ቀማቻቸው።

«አለ ወይ» ብላ አልጠየቀችኝም። «የሚያድርበት አለው?» አለችኝ።

«አለው፣ እማዬ። ፎቅ ላይ ነው፤ ንፋስ ያገኛል። አጎበር አለው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው።»

«ይጾማል?»

«ረቡዕ ወተት አይጠጣም።»

«ተመስገን» አለች። «እንግዲያው ብቅሉን ለእህቴ ልጅ ሰርግ እሰጠዋለሁ። አንተም ቶሎ ና፣ ሙቀቱ ያሳምምሃል።»

በዚያ ቤት አራት ቀን አደርኩ፤ ሆስፒታሉንም፣ ፖሊሱንም፣ ወደቡንም ጠየቅሁ። የሚያውቀው አልነበረም። ተመለስኩ። ተዝካሩ አልወጣም።

በሥራዬ ዘመን ማስተካከያ የወጣባቸው ዜናዎች ጽፌያለሁ፤ ያላረጋገጥኩትን ግን አልጻፍኩም። ለእናቴ የነገርኳት ሁሉ መረጃ ነበረው፤ ፎቁ፣ አጎበሩ፣ መስኮቱ፣ ጾሙ። አንዲት ግስ ብቻ ናት ማስረጃ ያልነበራት። «ነበረው» ማለት ሲገባኝ «አለው» አልኩ። እናቴ በዚያች ቃል ላይ የቀረ ዕድሜዋን ሁሉ ኖረች፤ አንድም ቀን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ይህንን ሁሉ ለወጣቱ ቄስ ነገርኳቸው። እስክሪብቶውን ይዘው አዳመጡኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የማውቀው ይህን ያህል ነው። መሞቱን አላየሁም። ባለበት ይቆይ።»

ደብተሩን ዘጉት። ከጎናችን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በኩል የመጡ፣ የእናቴ የሩቅ ዘመድ የሆኑ አሮጊት ተቀምጠው ንፍሯቸውን ይቆረጥሙ ነበር። ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጋቢህን ለማን ሰጠኸው? ቅድም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እጄን ስትስመኝ ለብሰህ አልነበር እንዴ?»

«ስንት ሰዓት ነበር፣ እትዬ?»

«ሰዓት እኔ ምን አውቄ! ቅዳሴ እንደወጣን ነዋ።»

ቄሱን ጠየቅኋቸው። ቅዳሴው ያለቀው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከንፋስ መውጫ ተነስቼ ወገዳ የደረስኩት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።