አግማስ ለበሽር ያልነገረው

ደሴ ውስጥ፣ ከቧንቧ ውሃ ወደ ላይ በሚወጣው ሰፈር፣ ሞት የሚሰማው በአግማስ አፍ ነበር። ሰው ባረፈ ጊዜ የቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር ማለት ነው፣ ዳኛ መልእክት ይልክበታል፤ አግማስም ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ይነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ቅሬው የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ስለሆነ ሁሉንም የሚጠራው እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ የሰፈሩ ቀልደኞች "አግማስን ጉንፋን ሲይዘው ሰው አይሞትም" ይሉ ነበር።

እንጀራው ግን ከቆርቆሮ ነው። አሸንዳ ይሠራል፣ የሚያፈስ ጣሪያ ይደፍናል፤ እጁ ከጠባሳ በቀር ሌላ የለውም። ከጎረቤቱ የሚለየው ባፕቲስት መሆኑ ነው። በሠላሳ ዓመቱ ኮምቦልቻ ወርዶ ለአንድ የጸሎት አዳራሽ አሸንዳ ሲሰቅል፣ ከውስጥ የሚሰማውን ስብከት መሰላል ላይ ቆሞ ሦስት ቀን አዳመጠ። የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን ሲፈጅ አሠሪዎቹ ነገሩ ገብቷቸው ዝም አሉት። በዓመቱ ከሐርቡ በታች ባለ ወንዝ ሙሉ ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተጠመቀ። እናቱ ይህን ስትሰማ፣ "በአርባ ቀንህ አስጠምቄህ የለም ወይ? ምኑ ጎደለብህ?" ብላ ሦስት ወር አኮረፈችው። ከመጽሐፍ የሚጠቅሰው መልስ ሞልቶት ነበር፤ ለእናት የሚሆን ግን አላገኘም።

ሰፈሩ "ጴንጤው" ይለዋል። "ባፕቲስት ነኝ" ብሎ ያርማል።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"እኛ አንጮህም።"

ጥሩምባ ነፊው ይህን ሲል መቼም ሳቅ ነው።

በእምነቱ ግን ቀልድ አያውቅም። ተዝካር ሲኖር ድንኳን ይተክላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ወንበር ይሸከማል፤ ከድግሱ ግን አይቀምስም። የሰው ነገር ነፍሱ ስትወጣ አብሮ ያለቀ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ድግስም ጸሎትም አይደርስለትም ብሎ ያምናል። እንዲህ ከልቡ የሚያምን ሰው ጥሩምባ ነፊ ሲሆን ደግሞ ኑሮው ይከብዳል። የሟቹን ስም በጠራ ቁጥር "ለዚህ ሰው ወንጌልን ነግሬው ነበር ወይ?" ይላል በሆዱ። አብዛኛውን ጊዜ አልነገረውም።

ከሁሉም በላይ የከበደው በሽር ነው። በሽር የወፍጮ ቤት ሰው ነው፤ ለቅሬው መቃብር የሚቆፍሩት ሁለቱ ናቸው። ለሙስሊም ቀብር ጉድጓዱ ጎን የሚፈለፈለውን ለህድ እንዴት እንደሚያወጡ ለአግማስ ያስተማረው እሱ ነው። አሁን ግን የአርባ ዓመት የዱቄት ብናኝ ሳንባውን ጨርሶታል። ከሆስፒታል ሲመለስ፣ "ሐኪሙ በጨዋ ደንብ ዕቃህን ሰብስብ አለኝ" ብሎ ጠያቂዎቹን አሳቀ። ሌላው ሲስቅ አግማስ ደጅ ወጥቶ አለቀሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ያዘው፤ በሽር ሳይሰማ መሞት የለበትም። በየማታው ሊነግረው ይሄዳል። ስለ ጣሪያ ያወራሉ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ፣ ተነሥቶ ይመጣል።

"ዛሬስ ነገርከው?" ትለዋለች ሚስቱ ሥርጉት።

"ዛሬ ደክሞት ነበር።"

"ትናንት ደግሞ እንግዳ ነበረበት። አንተ ሰውዬ፣ የፈራኸው ለእሱ ነው ወይስ እሱን?"

አግማስ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

አንድ እሑድ እንደ ልማዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ። መጋቢ ወንድምአገኘሁ የሚሰብኩት ስለ ጉበኛው ነበር፤ ሰይፍ ሲመጣ እያየ መለከት ስላልነፋው ጠባቂ፣ የሟቾቹም ደም ከእጁ ስለሚፈለግበት። ሌላው ምእመን ምሳሌ ሰማ። አግማስ የሰማው ስለ ራሱ ነው፤ መለከቱ እቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ሐሙስ ጠዋት የአራት ልጆች እናት ወይዘሮ ረውዳ አረፉ። አግማስ ወጣ፣ ጥሩምባውን ነፋ፣ ስማቸውን ጠራ፣ ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ መሆኑን ተናገረ። እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እግሩ ግን አልሄድ አለው።

"ሰው ሆይ!" አለ በዚያ ወፍራም ድምፁ። "ነገ ያንተም ስም በዚህ ጥሩምባ ይጠራል! ከዚያ ወዲያ ንስሐ የለም! ጌታ ኢየሱስን ሳታምን አትሙት!"

መስኮቶች ተከፈቱ። አግማስ ቤቱ ሲደርስ ደረቱ ቀሎት ነበር፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው መሰለው። ብዙም አልቆየ የረውዳ የበኩር ልጅ አሚር በሩ ላይ መጣ። ለጠብ የመጣ መስሎት ተነሣ። አሚር ግን ዓይኑ አብጦ ነበር።

"ጋሽ አግማስ" አለው፣ "እናቴ ገና አልታጠበችም እኮ።"

ይህን ብሎ ሄደ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ቅሬው በሦስተኛው ቀን በዕቃ ቤቱ ደጅ ተሰበሰበ። የሚገርመው ሙስሊሞቹ ረጋ ሲሉ ክርስቲያኖቹ ተቆጡ። ዳኛው አቶ ውዱ ደብር የሚያገለግሉ ጠንካራ ሽማግሌ ናቸው።

"ቅሬያችን ሬሳ እንጂ ሃይማኖት አያነሣም!" አሉ። "ይኼ ሰው በሰው ሐዘን ላይ ገበያ አቆመ። ከቅሬው ይውጣ!"

ከቅሬ መውጣት ማለት ሲሞቱ ቀባሪ ማጣት ማለት ነው። ሴቶቹ መካከል የተቀመጠችው ሥርጉት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

"አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም?" አሉት።

አግማስ ተነሣ። "አቶ ውዱ፣ ያልኩት ውሸት ነው እንዳልልዎ አምንበታለሁ" አለ። "ያልኩበት ቦታ ግን ጥፋት ነው። የረውዳን ልጆች በድያለሁ።"

ጉባኤው ተንጫጫ። ግማሹ "ይኸው ዛሬም አልተመለሰም!" አለ። ያኔ በሽር በትሩን ተደግፎ ተነሣ፤ እስኪተነፍስ ድረስ ሁሉም ጠበቀው።

"ይኼ ሰው የናቴን መቃብር በዝናብ ቆፍሯል" አለ። "ኧረ ወላሂ፣ የኔንም የሚቆፍርልኝ እሱ ነው ብዬ ነው የምጠብቅ። ጥሩምባውን ውሰዱ፤ ሰውየውን ግን ተውልኝ።"

እንደዚያው ሆነ። አግማስ ከአሚርና ከእኅቶቹ እግር ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ፤ አነሡት። ጥሩምባውን ለአቶ ውዱ አስረከበ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዘውን ነገር ሲሰጥ እጁ የት እንደሚገባ ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በሽርን ደግፎ ወደ ቤቱ ወሰደው። በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ።

"አላህ ይስጥህ አልልህም እንጂ፣ እግዜር ይስጥህ" አለ አግማስ።

"ሁለቱም ይስጡኝ" አለ በሽር ሳቅ እያለ። ጥቂት ሄደና ቆመ። "እኔ ግን የተከፋሁብህ በሌላ ነው።"

"በምን?"

"ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመናል። አንድም ቀን ይኼን ነገር ለኔ አልነገርኸኝም። እኔ ካንተ ነገር በጥሩምባ የምሰማ ሰው ነኝ?"

እውነቱ ያ ነበር። አግማስ ለአንድ ሰው ፊት ለፊት መናገር ቢፈራ፣ ለሰፈር ሙሉ ጮኾ የነገረ መስሎት ነበር። ደፋር የመሰለው ያን ጠዋት፣ ከዕድሜው ሁሉ የፈራበት ጠዋት ነው።

"አርብ፣ ከጁምዓ መልስ ና" አለው በሽር። "ያለህን ሁሉ ይዘህ ና።"

አርብ ሄደ። በሽር አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ጠበቀው። አግማስ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሸ ጀመረ። ያ ድምፅ ጠፍቶ እንደ ተማሪ ተንተባተበ። ስለ ኃጢአት ተናገረ፣ ስለ መስቀሉ፣ ስለ ትንሣኤው፤ መሰላል ላይ ቆሞ ምን እንደሰማ፣ ከወንዙ ሲወጣ ምን እንደተሰማው። በልቡ የያዘውን ሁሉ አወጣ። መጨረሻ ላይ እንባው ቀደመው።

"በሽር፣ እዚያ ሄጄ ባጣህ ምን ይውጠኛል? እኔ በሌላ አይደለም፣ በዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።"

በሽር ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማው። ብዙ ጊዜ አሳለው፤ አንዴም አላቋረጠውም።

"ሰማሁህ" አለ። "ኢሳን፣ አንተ ኢየሱስ የምትለውን፣ እወደዋለሁ፤ ከነቢያት አንዱ ነው። ከአላህ ጋር ግን ማንንም እኩል አላቆምም። በዚህ ላይ ነው የኖርሁት፣ ኢንሻአላህ በዚሁ ላይ እሞታለሁ። ነግረኸኛል። ከዛሬ ወዲያ በኔ አትጠየቅ።"

አግማስ አንገቱን ደፋ። የጠበቀው መልስ ነበር። ሊነሣ ሲል በሽር ክንዱን ያዘው።

"የት ትሄዳለህ? የኔስ?"

"የምን ያንተ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሱብሂ ስሰግድ ያ ጥሩምባህ በተሰማኝ ቁጥር፣ 'ያ ረቢ፣ ይኼን ሰው ሳትመራው እንዳትወስደው' እያልኩ ዱዓ አድርጌልሃለሁ። ስላንተ ፈርቼ፣ ኧረ ስንት ሌሊት! እንዲህ ያለ ደግ ሰው እንዴት ከእሳት ይገባል እያልኩ።"

አግማስ ለበሽር ሲፈራ፣ በሽር በዚያው ልክ ለእሱ ሲፈራ እንደኖረ በሐሳቡም መጥቶ አያውቅም።

"ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?" አለ።

"አንተስ?"

አግማስ የበሽርን ትራስ አቀናለት።

"ትቀየመኛለህ ብዬ ነዋ" አለ በሽር። "አሁን ግን ጊዜ የለኝም። እኔ ሰምቼሃለሁ፤ ተቀመጥና ስማኝ።"

ለሚባለው ነገር ሁሉ የሚሰጠውን መልስ አግማስ ያውቃል። መጋቢው አንድ በአንድ አስተምረውታል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ዋጠው። የበሽር ድምፅ በጣም ደክሞ ስለነበር በርጩማውን ወደ አልጋው አስጠግቶ ጆሮውን ሰጠው።