ለፈረሱ የቀረችው ሳር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከእንጅባራ ደወለልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ከድሮው ቤታችን በር ፊት ያለው የመንገድ ቦይ በሳር መታፈኑንና ማጨድ እንደሰለቸው ነገረኝ። «ጋሼ፣ ነቅዬ ምን ብተክልበት ይሻላል? እንክብካቤ የማይፈልግ ነገር» አለኝ። ቁጭ ማለት አቅቶኝ ተነሥቼ ተንጎራደድኩ። ያንን ጥያቄ እኔም በጉርምስናዬ እዚያው ቦይ ዳር ቆሜ ስጠይቅ ነበር። ያኔ ከቤት መውጣቴ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ማሳችን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ጭቃ ሹሙም መሬቱ ከመንገድ የሚዋሰን ሁሉ ፊት ለፊቱ ያለውን ቦይ እንዲጠርግ ደልድሎ ነበር። የአገራችን ክረምት ደግሞ ይታወቃል፤ ያጨዱት ሳር ጀርባ ሲያዞሩለት ይነሣል። ቦዩ ከታፈነ ውሃው ገብሳችን ላይ ይወጣል። የአባቴ ወገብ ከታመመ ወዲህ ማጭዱ የእኔ ሆነ።

የእኔ ልብ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ከቄስ ዘንድ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ግጥሙን በራሴ ነው የጀመርኩት። ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የጭነት መኪና እያጓራ ባለፈ ቁጥር ማጭዴን ጥዬ ከዓይን እስኪሰወር እሸኘዋለሁ። የናፍጣውና የእርጥብ ሳሩ ሽታ ተቀላቅሎ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ለአባቴ ግጥም አወረድኩለት፦

የቦዩ ውሃ እንኳ ዓባይን ሊያይ ሄደ፣
የእኔ እግር ብቻ ነው በሳር የተጠመደ።

አባቴ የያዘውን ድንች ልጦ ጨረሰ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ግጥምህ እንዲህ ካማረ ሳሩን እሱ ይጨደው» አለኝ። ሲቆጣ በአማርኛ፣ ሲራራ በአውኝኛ ነበር የሚናገረው። ቀጥሎ ግን ማጭድ የማይፈልግ ቦይ ካሳየሁት መርቆ እንደሚያሰናብተኝ ተናገረ። ለእሱ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ እንደ መሐላ ያዝኩት።

መጀመሪያ እሬት ተከልኩ፤ ሐምሌ ሳይወጣ በውሃ ብዛት በሰበሰ። ቀጥዬ ቀጋ አመጣሁ። ቀጋው ያዘልኝ፣ ግን የገበያተኛውንም ነጠላ ያዘ። አንዲት እናት ከእሾሁ ጋር እየታገሉ፣ «ልጄ፣ ይኸን ያጠርከው ለጅቡ ነው ለእኛ?» አሉኝ። ነቀልኩት። በመጨረሻ ዓይኔ ሰንሰል ላይ አረፈ። ከብት አይቀምሰውም፤ ለአጥር የቸከሉት እንጨቱ ሳይቀር ቅጠል ያወጣል፤ ጥላውም ከሥሩ ሳር አያስበቅልም። በቦዩ ግራና ቀኝ ቸከልኩት። በራችን ፊት ካለችው ቁራሽ መሬት ስደርስ ግን አባቴ ከለከለኝ።

በቀጣዩ ክረምት ዶፍ በወረደ ማግስት፣ አባቴ በትሩን ተመርኩዞ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር እየመረመረ ሄደ። ከኋላ ተከተልኩት። ውሃው ምንም ሳያግደው ይወርዳል። አባቴ ነቀፋ ሲያጣ በራችን ፊት ቆመ።

«ይቺስ ለምን ቀረች?» አልኩት።

«ለፈረሱ ናት» አለ።

በዚያው ሳምንት መርቆኝ፣ ጭነት መኪና ላይ በእህል ጆንያ አናት ተቀምጬ ወደ ባሕር ዳር ሄድኩ። እውነት ለመናገር ዞሬም አላየሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በነሐሴ ስመለስ፣ ያቺ የሳር ቁራሽ ወገብ ደርሳ አበባ ይዛ ጠበቀችኝ። የፈረስ ኮቴ አልረገጣትም። ፈረሱ ከጓሮ ታስሮ ሌላ ሳር ይበላል። አባቴ ከደጃፉ ተቀምጦ ነበር፤ ጉልበቱን ስሜ ቀና ስል፣ ፈረሱ ሳሯን አልወደዳት እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀስ ብሎ በአውኝኛ፣ «ማጭዱ ከበሩ ላይ ነው፤ ስዬዋለሁ» አለኝ።

ቤት ሳልገባ፣ ከነመንገድ ልብሴ አጨድኩ። እጄ ለስልሶ ነበርና መዳፌ ውኃ ቋጠረ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ከተማ፣ ስንት የኪራይ ቤት ኖሬያለሁ። አንዱም ጋ አጫጅ ያጣ ሳር አልጠበቀኝም። የእኔው ሰንሰል መንገዱ ሲሰፋ ተነቅሎ ነበርና፣ ለእህቴ ልጅ በግራና በቀኝ እንደገና ሰንሰል እንዲቸክል ነገርኩት፤ ከበሩ ፊት ግን ትንሽ ሳር እንዲተው።

«ለምን ጋሼ? ፈረስ እኮ የለንም» አለ።

«ማጭዱን ስለህ ጠብቀኝ» አልኩት።