የግሪራጅ መቀስና የሚለጠጠው አንቴና

ግሪራጅን በሕንዷ ከተማ በማቱራ የማያውቀው የለም። አባቱም አያቱም ሳንጂ ቆራጮች ናቸው፤ ወረቀት በመቀስ በስተው፣ በቀዳዳው ቀለም በትነው የቤተ መቅደሱን ወለል ሥዕል በሥዕል ያደርጉታል። እሱ ግን የከተማው ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ገብቶ ዕቃ አጣቢ ሆነ። ሚስቱ "በመቀስ ያደገ ሰውዬ ብርጭቆ ሲያለቀልቅ ሊያረጅ ነው!" እያለች ሰፈሩን ታስቅበታለች። እኔ የቤተ ሙከራው ዘበኛ ነኝ፤ ወሬ ሁሉ በእኔ በር ነው የሚያልፈው።

እዚያ ዶክተር ቫይዴሂ የምትባል አለች። ስትናደድ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ነው የምታፏጨው። ሦስት ዓመት የለፋችው በአንድ አንቴና ነው፤ ጣሪያ ላይ የሚቆመው እንዳይመስላችሁ! ስስ ላስቲክ ላይ መዳብ ለጥፋ ትተለትለዋለች። ሲሳብ እንደ መረብ ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ትንሽ ሲሳብ አንዱን ሞገድ ይይዛል፣ በደንብ ሲሳብ ሌላውን። "ብልሃቱ ከዕቃው አይደለም፣ ከአቆራረጡ ነው" ትላለች።

ጉዱ ግን፣ ጥቂት ከተለጠጠ ቅድድ ይላል! ሐሙስ ደግሞ ከዴልሂ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። እነሱ ፊት አንቴናው ከተቀደደ ሥራው ይዘጋል ተብሏል።

ማክሰኞ መቁረጫ ማሽኑ ተበላሸ። "ቻቻ፣ እጅዎ ጥሩ ነው አሉ። በሣልኩት መስመር ላይ ይቁረጡልኝ" አለችው ቫይዴሂ ግሪራጅን። ግቢው ሁሉ ቻቻ፣ አጎቴ እንደ ማለት፣ ነው የሚለው። ቆረጠላት። ግን ሳንጂ ቆራጭ ባዶ ጥግ አይቶ ዝም አይልም! የአምላካቸው የክሪሽና ወፍ ያልገባበት ሥራ በነሱ ቤት ነውር ነው። ጥጉ ላይ ጭራዋን የዘረጋች ጣዎስ ጣል አደረገ።

"ቻቻ! ይሄ ምንድነው?"

"ጣዎስ ናት፣ ልጄ።"

"መሆኗንማ አየሁ! ሞገድ ነው የምይዘው ወይስ ዶሮ ነው የማረባው?"

"ጥጉ ባዶ ሆኖ አስጠላኛ!"

እያፏጨች አንቴናውን ለጠጠችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ... መስመሮቹ ጠርር ብለው ተቀደዱ። ጣዎሷ ግን ጭራዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ወይ ፍንክች! ሠላሳ ጊዜ ሳበቻት። ፉጨቱ ቆመ።

"ቻቻ... እሷ ለምን አልተቀደደችም?"

"የቅድ ጫፍ ሹል ከሆነ ይሮጣላ! እኛ ጫፉ ላይ ዓይን የምንለውን ትንሽ ክብ ቀዳዳ እንተውለታለን፤ ቅዱ እዚያ ሲደርስ ያርፋል። አለዚያ ወረቀቱን ስታነሺው ይበጣጠሳል።"

"ታዲያ የእኔን መስመር ለምን ዓይን አላደረጉለትም?"

"በመስመሩ ቁረጥ አልሽኝ፣ በመስመሩ ቆረጥኩ። እኔ ዶክተር ነኝ እንዴ?"

ሳቄ በሩ ላይ ሊገለኝ ነበር። ረቡዕን ሙሉ እሷ ስታሰላ እሱ ሲቆርጥ ዋሉ። "ዓይኑ ሰፋ ቻቻ፣ ሞገዱ ሸሸ!" "አጠበዋለሁ፣ ጆሮዬ ላይ አትጩሂ!" ምሳ እንኳ አላሉ።

ሐሙስ ገምጋሚዎቹ መጡ። አለቃቸው ቦርጫም፣ በአፍንጫው የሚያወራ፣ "እስቲ እኔ ልሳበው" አለ። ቫይዴሂ ዓይኗን ጨፈነች። ሳበው። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው ተንሸራተተ። ለቀቀው፣ ተመለሰ። እንደገና ሳበ። መቶ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት፤ ክር እንኳ አልተበጠሰም!

"እንዴት አገኘሽው?" አላት።

"ሞገዱን እኔ፣ ቅዱን እሳቸው" ብላ ግሪራጅን በክንዱ ጎትታ አመጣችው።

ሰውየው እዚያው "ለሥራሽ ሁለት ዓመት ጨምረንልሻል" ብሎ ግሪራጅን ለመጨበጥ አንድ እጁን ዘረጋ፤ በሌላው አሁንም አንቴናውን ይጎትታል።

"ጌታዬ፣ መጀመሪያ እሱን ይልቀቁት" አለ ግሪራጅ፣ "ጓደኞችዎ ተራ እየጠበቁ ነው።"