ወርቅ የያዘው ክር

እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የወደቀ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። አዝራሩንም፣ ብሎኑንም፣ የተሰበረውን ቁልፍም ኪሷ ትከተዋለች። ቤት ውስጥ «ማግኔት» ነው የምንላት። ኬሚስትሪ ተምራ ስትመለስ ይተዋታል ስንል ጭራሽ ባሰባት፤ ዓይኗን የአባታችን ወርክሾፕ የፍሳሽ ቧንቧ ላይ ጣለች።

አባባ የጆሮ ጌጥና የሰዓት ማሰሪያ ወርቅ ይቀባል። የተቀባው ዕቃ በውሃ ይለቀለቃል፣ ውሃው ይደፋል፣ አለቀ። ማግኔት ግን እዚያ ውሃ ውስጥ ወርቅ አለ ብላ ድርቅ አለች። ዕድሜ ልኩን የደፋው ውሃ ነውና አባባ እንደ ስድብ ቆጠረው። መሃል ገብቼ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ያመሰገነኝ ግን የለም። በመጨረሻ ትሞክር ተባለ፤ ወርቅ ካልወጣ ግን የገጠመችውን ሁሉ ነቅላ የአጎታችን ልጅ ያገኘላትን የጸሐፊነት ሥራ ልትጀምር። ያ ሥራ ሲነሳ ፊቷ ይጠቁራል።

የጥጥ ክር ገዛች፤ ወርቅ እንዲይዝላት በኬሚካል ነክራ አደረቀችው፤ ከዚያ ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቃ የውሃው መውጫ ላይ ገጠመችው። ነጩ ክር ቀስ በቀስ ጠቆረ። እሷ በደስታ ልትሞት ነው፤ እኛ የምናየው ቆሻሻ ነው።

ክሩ ተቃጥሎ ወርቁ ከአመዱ የሚወጣበት ቀን ጠዋት አክስታችን ልትጠይቀን መጣች። አክስቴ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅም። ማግኔት ምድጃውን ስታሰናዳ፣ እሷ ክሩን ከቱቦው አውጥታ በሳሙና ፈትጋ ገመድ ላይ አሰጣችው።

ማግኔት ስታይ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። እህቴ አንጀቴን በላችው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣» አለች አክስቴ ተጨንቃ፣ «ደግሞ ብፈትገው ብፈትገው እድፉ አልለቅም አለኝ።»

ማግኔት ቀና አለች። «ያጠብሽበት ውሃስ? ጠቆረ?»

«ኧረ ምንም አልሆነ።»

«እንግዲያው ወርቁ ከክሩ አልወጣም!» ብላ እህቴ ብድግ አለችና ክሩን ከገመዱ አወረደችው። አቃጠለችው፣ አመዱን አቀለጠችው፤ ከምስር የምታንስ ቢጫ ፍሬ ቀረች። አባባ የወርቅ መፈተኛ ድንጋዩ ላይ አሻት፤ አላመነም መሰለኝ እንደገና አሻት።

ከዚያ ወርቅ ሲቀባ እጁን ሲጠርግበት የኖረውን፣ እናታችን እንኳ እንዳታጥብበት የሚደብቀውን ሽርጡን አወለቀና ለእህቴ ሰጣት።

«እስቲ ይኼንንም አቃጥዪልኝ» አላት።