ፊደል የሌለበት ወረቀት

እትዬ ውዴን የቀበርናቸው በ1980 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ነው። ዕድሜያቸውን በትክክል የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በሠራተኛ ማኅደራቸው ውስጥ ሦስት የተለያዩ የትውልድ ዘመናት ተጽፈዋል፤ ሦስቱም ግምት ናቸው። ዘጌ መወለዳቸው፣ አባታቸው መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት መባላቸው፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሐይቁ ዳር በነበረችው ትንሿ ጤና ጣቢያችን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መሥራታቸው ግን እርግጥ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ያየሁት ራሴ ነኝ፤ ያላየሁትን ከእሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።

ሥራቸው ምጥ የያዛትን ሴት ተቀብሎ ማጠብና መላጨት ነበር። በዚያ ዘመን ደንቡ ጥብቅ ነው። ብልቷን ያልተላጨች ሴት ወደ ማዋለጃ ክፍል አትገባም። ፀጉር ቆሻሻ ይይዛል፣ ቁስል ያመረቅዛል ይባል ነበር፤ ሐኪሞቹም እኛም አምነናል። ምላጭ እንደ ልብ አይገኝም። አንዱን ምላጭ አልኮል ውስጥ እየነከሩ ለብዙ ሴት ያውሉታል። ሲደንዝ እትዬ ውዴ በብርጭቆ ውስጠኛ ጎን እያፋተጉ ይስሉታል። ያን የፍትጊያ ድምፅ ካርድ ክፍል ተቀምጬ እሰማው ነበር።

የከተማ ሴቶች ብዙ አያስቸግሩም። የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስቶች፣ ፔዳ የምንለው ኮሌጅ መምህራን፣ የሹም አቦ ሰፈር ነጋዴዎች ቤታቸው ተላጭተው ይመጣሉ፤ ካልሆነም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይላጫሉ። የሚከብደው ከሐይቁ ዳርና ከደሴቶቹ የሚመጡትን መላጨት ነው። ሀፍረት አለባቸው። ከሀፍረቱ በላይ ግን የሚያስፈራቸው ፀጉሩ የት እንደሚወድቅ አለማወቃቸው ነው። ፀጉሯ በጠላት እጅ የገባ ሴት ማህፀኗ ይታሰራል ብለው ያምናሉ። ተጠርጎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ያየች ሴት ከነምጧ ተነሥታ ወደ ታንኳዋ ትመለሳለች።

እትዬ ውዴ ይህን ከማንም በተሻለ ያውቁት ነበር። የሰው ፀጉር በጨርቅ ቋጥረው አባታቸው ዘንድ የሚመጡ ሰዎችን በልጅነታቸው አይተዋል። መሪጌታ በመቋሚያቸው ነበር የሚያባርሯቸው። ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ደግሞ ራሳቸው ሦስት ቀን አማጡ። ከሐኪም ቤት ምላጭ አለ ስለተባለ አማታቸው በታንኳ አናሻግርም ብለው ከለከሉ። ሕፃኑ ሞተ፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ አላረገዙም። ባላቸው አቶ ክንዱ ሲሞቱ ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው መጡ፤ ሥራ ሲጠይቁም ምላጩ ያለበትን በር መረጡ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሩኝ፤ ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። ይላጩና ፀጉሩን አንድም ሳይቀር ለቅመው፣ በወረቀት ጠቅልለው በሴቲቱ መዳፍ ላይ ያኖሩታል።

«ይኸው፣ ንብረትሽን ተረከቢ» ይላሉ።

ሴቲቱ ትስቃለች። የሳቀች አትሸሽም ይሉ ነበር።

እኔ በስታቲስቲክስ ተመርቄ ወደዚያ የተመደብሁት በ1972 ዓ.ም. ነው። ካርዶቹ በስኳር ጆንያ ውስጥ ታጭቀው አገኘኋቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ በስምና በዓመት ደረደርኋቸው። የእትዬ ውዴ ወረቀት ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

በ1975 መጋቢት ላይ አንዲት ሴት ከሰባታሚት ለሁለተኛ ልጇ መጣች። የመጀመሪያውንም እኛ ዘንድ ነው የወለደች። አዋላጇ ሲስተር እሌኒ የፊተኛውን ወሊድ ካርድ ጠየቀችኝ። አወጣሁት፤ ግማሹ የለም። ስሟና የመጣችበት ቀን ከላይ አለ፤ የታችኛው ክፍል በጥንቃቄ፣ በቀጥታ መስመር ተቀድዷል። ሴትዮዋ ስትወልድ ደም አላቆም አላት። ወደ ሆስፒታል ተወስዳ የፔዳ ተማሪዎች ደም ሰጧትና ተረፈች። በፊተኛው ልጇም እንዲሁ ፈስሷት እንደነበር ባሏ የነገረን በኋላ ነው። በተቀደደው ግማሽ ላይ ተጽፎ የነበረው ይኸው ነበር።

የዚያን ሳምንት ካርዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ስድሳ አንዱ ተቀድደዋል። ይዣቸው ወደ መላጫው ክፍል ሄድሁ።

«እትዬ ውዴ፣ እነዚህን እርስዎ ነዎት የቀደዱ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ለፀጉሩ ነዋ። አሮጌ ናቸው፣ ሴቶቹ ወልደው ሄደዋል።»

«ጋዜጣ አልነበረም?»

«ጋዜጣማ ፊደል አለበት። ከፊደሉ መሐል የእግዜር ስም ይኖር እንደሁ ማን ያውቃል? በእሱ የብልት ፀጉር ልጠቅልል? ፊደል የሌለበትን ለይቼ ነው የወሰድሁ።»

ያልተቀደደ ካርድ አወጣሁና የታችኛውን ክፍል አሳየኋቸው። ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረው የውጭ አገር ሐኪም በእርሳስ የጻፈበት ነው። ጽሕፈቱ ተያይዞ የተጎተተ ክር ይመስላል።

«ይኸ ጽሑፍ ነው» አልሁ።

«ይኸ?» አስጠግተው አዩት። «እኔስ እርሳሱን የሞከረበት መስሎኝ።»

እትዬ ውዴ ዳዊት የደገሙ ሴት ናቸው። ፊደል ለእሳቸው አንድ ነው፤ ሌላ ፊደል ሊኖር እንደሚችል የነገራቸው አልነበረም። ስለ ሰባታሚቷ ሴት ነገርኋቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ሞተች?»

«ተርፋለች።»

«ተመስገን» አሉ። ቆይተውም «ንገሪብኝ፤ ይህማ ይነገራል» አሉኝ።

ሪፖርት ጻፍሁ። ሁለት ገጽ ነበር።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። የመራው የጤና ጣቢያው የፖለቲካ ተጠሪ ጓድ ዳኘው ነው። ወጣት ነበር፤ ድምፁ ግን ሁልጊዜ ለሺህ ሰው የሚናገር ሰው ድምፅ ነው።

«ጓድ ውዴ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ መተት ስታስፋፊ ተገኝተሻል። ራስሽን ሂሺ!»

«ራሴን ምን ላድርገው?»

«ሂሺ። ጥፋትሽን ተናገሪ።»

«ጥፋቴማ ካርዱን መቅደዴ ነው። በእኔ የተነሣ የሰው ልጅ ልትሞት ነበር።»

«እሱን አልጠየቅንሽም። ስለ ፀጉሩ ተናገሪ።»

«ፀጉሩማ የእነሱ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጓድ ዳኘው ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንቺ በዚህ ታምኛለሽ ወይስ አታምኝም?»

«የኔ ማመን ምን ይሠራል፣ ጓዴ? የምታምነውም እሷ፣ የምታምጠውም እሷ።»

ወደ ልብስ ማጠቢያ እንዲዛወሩ ተወሰነ። እትዬ ውዴ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና «ደመወዙንም ቅጡኝ፤ ከበሩ ግን አታንሱኝ። ከማዶ የሚመጡት ይመለሳሉ» አሉ። ስለ ስድሳ አንዱ ካርድ ማንም አልጠየቀኝም።

በቦታቸው የተተካችው ልጅ ሥራዋን ታውቃለች፤ ትላጫለች፣ ትጠርጋለች፣ ትጥላለች። ከስብሰባው በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ከሐይቁ ዳርና ከደሴቶቹ መጥተው የወለዱት አርባ አንድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ዐሥራ አራት ሆኑ፤ በሚቀጥሉት ደግሞ ዘጠኝ። ሰንጠረዡን ሠርቼ፣ ማስታወሻ አያይዤ ለኃላፊው ሰጠሁ። «የዝናቡ ወራት ስለሆነ ነው» አለኝ። የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ደግሜ ሰጠሁት። የት እንዳስቀመጠው አላውቅም።

በ1976 ግንቦት፣ ከቀትር በፊት፣ ከመላጫው ክፍል ጩኸት ሰማሁ። የምጥ ጩኸት አልነበረም። ከዘጌ የመጣች አደይ የምትባል ልጅ አልጋ ላይ በአንድ እጇ ቀሚሷን፣ በሌላው የአማቷን መቀነት ይዛለች። አማቷ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ በምላጩና በልጅቱ መካከል ቆመዋል።

«በግ ነን ወይ የምትሸልቱን?»

«ደንብ ነው፣ እማማ» ትላለች ሲስተር እሌኒ። ድካሟ ከፊቷ ይነበባል።

«እንግዲያ ደንቡ ይውለድላታ! የኔ ባል ጢሙን ሳይላጭ ነው ሰማንያ ዓመት የኖረ፤ ምን ሆነ?»

«ሳትላጭ ላስገባት አልችልም። ሕፃኑ በጎን መጥቷል፤ ብትመለሱ መንገድ ላይ ትሞታለች።»

«ከነማህፀኗ ትሞታለቻ» አሉ አሮጊቷ። «ነይ፣ ተነሽ ልጄ።»

አደይ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ በሩን ይዛ አጎነበሰች። ሲስተር እሌኒ ወደ እኔ ዞረች። ወደ ማጠቢያው ወረድሁ።

እትዬ ውዴ እስከ ክርናቸው ሳሙና ውስጥ ነበሩ። ነገርኋቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከፊቴ ቀድመው ወጡ።

«አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ገና ከበሩ ላይ።

«የወልደ ዮሐንስ» አለች አደይ ጥርሷን ነክሳ።

«የትኛው ወልደ ዮሐንስ? ከአባቴ ጓሮ ሎሚ ሲሰርቅ ዛፍ ላይ የተያዘው?»

አሮጊቷ አፍጥጠው አዩአቸው። «የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ልጅ ነሽ እንዴ?»

«ነኝ። ምላጩን ስጡኝ። እርስዎ ደግሞ እዚህ ይቁሙ፣ እማማ፤ የምሠራውን ይዩኝ። አንዲት ፀጉር ብታመልጠኝ ይምቱኝ።»

«እመታሻለሁ።»

«ቀስ ብለው ታዲያ፤ አርጅቻለሁ።»

አደይ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ምጡ ያዛት፤ ሳቅና ጩኸት ተቀላቀለባት። እትዬ ውዴ ምጡ እስኪያልፍ ጠብቀው ላጩ። ይዘውት ከመጡት አሮጌ አንሶላ ጥብጣብ ቀድደው ፀጉሩን ቋጠሩና ለአሮጊቷ ሰጡ። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ቋጠሮውን መቀነታቸው ውስጥ አስገብተው ሁለት ጊዜ አሠሩት። ሲስተር እሌኒ ሕፃኑን ከሰዓት በኋላ አዙራ አወጣችው፤ ወንድ ነበር፤ አለቀሰ።

ወደ መዝገቡ ተመለስሁ። በዚያ ዓመት የመጣልን አዲሱ መዝገብ ሴቲቱን ያዘጋጃት ሠራተኛ ስም የሚጻፍበት ዓምድ አለው። እትዬ ውዴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«የኔን ስም ልትጽፊ ነው?»

«የሠራው ሰው ስም ነው የሚጻፍ።»

«የዚያችን በኔ ቦታ የገባችውን ልጅ ስም ብትጽፊስ?»

«እሷ አልላጨችም፣ እትዬ ውዴ።»

ይህ ወረቀት ጓድ ዳኘው እጅ ከገባ ማጠቢያውም እንደማይቀርላቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጻፊው እንግዲህ» አሉ። «የሠራሁት አይደል።»

ጻፍሁት።

ከዚያ ወዲህ ከማዶ ሴት በመጣች ቁጥር ሲስተር እሌኒ ወደ ማጠቢያው ትልካለች። እትዬ ውዴ ጥብጣባቸውን ይዘው ይወጣሉ። እኔ ስማቸውን እጽፋለሁ፤ በየሦስት ወሩም መዝገቡ ጓድ ዳኘው ጠረጴዛ ላይ አድሮ፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበት ወደ በላይ አካል ይሄዳል። ከሐይቁ ዳርና ከደሴቶቹ የሚመጡት መጀመሪያ ዐሥራ ስድስት፣ ቀጥሎ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሰባት ሆኑ። አርባ አንድ ላይ ተመልሰው አልደረሱም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ከሰዓት ወደ ማጠቢያው ወረድሁ። የሚያስደስታቸው ወሬ የያዝሁ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ ውዴ፣ ያን መዝገብ ከእኔ በቀር የሚያነበው ሰው የለም። ይፈርሙበታል እንጂ አያነቡትም። ስምዎ እዚያ ላይ መቶ ሰማንያ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ አንድም ሰው አላየው።»

አንሶላ እየጠመዘዙ ነበር። አላቆሙም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«እኔ እኮ ያ ዳኘው በዚህ ባለፈ ቁጥር ልቤ ይከዳኝ ነበር።» የጠመዘዙትን ፈትተው እንደገና ያዙት። «ታዲያ የዚያን ጊዜውን ወረቀትሽን እንዴት አነበቡት?»

የዚያን ሪፖርት ግልባጭ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱም ገጽ የተጻፈው ስለ ተቀደዱት ካርዶች ነው። ስለ ፀጉሩ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«አስምሬበት ነበር» አልኋቸው። «ስለ ፀጉሩ የጻፍሁት ሥር። በቀይ።»

«በቀይ?»

«አዎ። ተናድጄ ነበር።»

የአንሶላውን አንዱን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጉት።

«በይ ያዢልኝ» አሉ። «ይኸ ለብቻ አይጠመዘዝም፤ ክንዴም ዝሏል።»

ያዝሁላቸው። እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ ጠመዘዝነው።