ቀጋ የሚያህል ፖም

መጥረቢያ እርጥብ ግንድ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ አልወደውም። ትናንት ጎረቤቴ የግቢውን ዛፍ ሲያስቆርጥ መስኮቴን ዘጋሁ፤ ሽታው ግን ገባ። ወዲያው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ መቐለ ግቢያችን ውስጥ ቆምኩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ የጨው ነጋዴ ነበር። የተከራየው ቤት ቀድሞ የአንድ ጣሊያን ነበርና አጥሩ ሥር ነጭ አበባ የምታብብ የጌጥ ፖም ነበረች። በመጋቢት አበባዋ ግቢውን ሁሉ ያለብሰዋል፤ ከዚያ ይረግፋል፣ ፍሬ የለም። የእንደርታ ሴት የሆነችው እንጀራ እናቴም ለአራት ዓመት አልወለደችም።

አባቴ ሲቆጣ እጁ ከአፉ ይቀድማል። እኔን አልፎ አልፎ ይመታኛል፤ እሷን ግን ሰበብ ባገኘ ቁጥር። አንድ ቀን ከንፈሯን አድምቶ ሲያበቃ ወደ ዛፏ እየጠቆመ፣ «ቤቴን መካን ሞላው! በዚህ ክረምት ካላፈራች እሷን እቆርጣታለሁ፣ አንቺም ትሄጃለሽ» አላት። ቀለደ እንዳትሉ፤ አባቴ ቀልድ አያውቅም። እሷም ማህፀኗን ማዘዝ አትችልም፤ ዛፏ ካፈራች ግን ቁጣው በርዶለት ለአንድ ዓመት እንኳ ይተወኛል ብላ ተስፋ አደረገች።

ምክሩን ያገኘችው ከጎረቤት ግቢ ዘበኛ ነው። ሽማግሌው ቀድሞ የጣሊያኑን አትክልት ይኮተኩቱ ነበር።

«ለብቻዋ አትወልድም፣ ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኛ ግቢ ያለችው የባለ ቀይ አበባዋ ፖም ዱቄት ያስፈልጋታል። ድሮ የሚያመላልሱላት ንቦቹ ነበሩ።»

ንቦቹ እኛ ቤት ግድግዳ ውስጥ ቀፎ ነበራቸው። እኛ ከመግባታችን በፊት አውሮፕላን ከተማዋን ሲደበድብ ከነቀፏቸው ነደዱ፤ ጥቀርሻው ገና አልለቀቀም ነበር።

እናም ንቦቹን ተክተን ሠራን። ጤዛው ሲደርቅ፣ አባቴ ገበያ ሲወርድ፣ ሽማግሌው የቀይዋን አበባ ቢጫ ዱቄት በስኒ አራግፈው በአጥር ላይ ያቀብሉናል። እሷ መሰላል ላይ፣ እኔ ቅርንጫፍ ላይ ሆነን፣ በዶሮ ላባ ጫፍ እየነካን የእያንዳንዷን አበባ እምብርት እንቀባለን። «ቀስ በሊ ጓለይ፣ የሕፃን ዓይን እንደምትኳይ» ትለኛለች። ዓይኗ ሥር የበለዘው ገና አልጠፋም፤ ግን ታንጎራጉር ነበር። ሰው እንዲያ ተደብድቦ እንዴት ያንጎራጉራል ብዬ ዛሬም ይገርመኛል።

አንድ ጠዋት ሽማግሌውን ፍሬው ምን ያህል እንደሚሆን ጠየቅኋቸው። የትንሿ ጣታቸውን ጫፍ አሳዩኝ። «ቀጋ ታህል። እንዲያውም ትኮመጥጣለች። ለዓይን እንጂ ለአፍ አልተከሏትም» አሉኝ። ለእሷ አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት?

በሰኔ አባቴ ከገበያ ተጣልቶ መጣና መጥረቢያውን አነሳ። «ክረምቱ ገባ፣ የታለ ፍሬው?» አለ። እሷ በር ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ ሮጬ ከፊቱ ቆምኩ። ከቅጠሉ ሥር ያሉትን ጥቃቅን አረንጓዴ ፍሬዎች እያሳየሁ፣ «አባባ፣ ይዛለች! ሲበስል የእርስዎን ቡጢ ያህላል!» አልኩ። አባቴ ቡጢውን ጨብጦ አየው። ከዚያ ሳቀ፣ መጥረቢያውንም ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ያን ቀን ማንም አልተመታም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አባቴ ለጨው ነጋዴ ጓደኞቹ ሁሉ የጣሊያን ፖሙን ሲያወራ ከረመ፤ ፍሬው አላደገም ባለ ቁጥር «ሲቀላ ያድጋል» እለው ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ሁለቱን ሊያስቀምሳቸው ይዟቸው መጣ። ፍሬው ቀልቶ ነበር፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ቀይ በቀይ። እንዴት ያምር ነበር! እሷ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በሰፌድ ለቅማ አቀረበች። አንደኛው እንግዳ ነክሶ ተፋው፤ ሌላው፣ «ወዳጄ፣ ይህንንማ እኛ አገር ፍየል ከጥሻ ትለቅመዋለች!» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ።

አባቴ እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያ ሰፌዱን በእርግጫ አለው፤ ፍሬው ግቢው ውስጥ ተበተነ። መጥረቢያውን ይዞ ዛፏን መምታት ጀመረ፤ በእያንዳንዱ ምት ፍሬ ራሴ ላይ ይዘንባል። ዛፏ ስትወድቅ ላብ እንዳጠመቀው ወደ እኔ ዞረ።

«ቡጢ ያህላል ብሎ ያስተማረሽ ማነው?»

ማንም አላስተማረኝም። ከራሴ ነው ያመጣሁት።

«እኔ ነኝ» አለች እንጀራ እናቴ። «እንድትልዎ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። እሷ ምን ታውቃለች።»

የመታት አንዴ ብቻ ነው፤ በቡጢ። ጥርሷ ሲሰበር ሰማሁ። «ከቤቴ ውጪ!» አለና ገብቶ በሩን ዘጋ። እሷ ከመሬት ተነሳች፣ ደሟን በነጠላዋ ጠረገች፣ ወዳለሁበት መጥታ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

«አይዞሽ ጓለይ፣ ዝም በይ። አንቺ ገና ለጋ ነሽ፤ እኔ ለምጄዋለሁ።»

በዚያው በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያያት ሄደች። አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ። ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ሲሞትም እጁን ይዤ ነበር። «ሚስቴ ውሸታም ነበረች» ሲል በየጊዜው እሰማው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ «እኔ ነኝ» አላልኩትም።